ዳገቱ ስንት ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ተማሪዎችን ይዤ በደብረ ታቦር አቅራቢያ ወደሚገኝ አንድ የቤተ ክርስቲያን ደን ለመስክ ትምህርት ሄጄ ነበር። ዓላማችን በደኑ ውስጥና ከደኑ ውጭ ያለውን ሙቀት፣ እርጥበትና ብርሃን ለክቶ ማነጻጸር ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ነው። አውቶቡሱ ከዳገቱ ግርጌ እንደቆመ ወደ ላይ ተመለከትኩና «ለአንተ ይከብዳል፤ እዚሁ ጠብቀን» አልኩት። አልተከራከረኝም። ሦስት ሰዓት ሙሉ በአውቶቡሱ ውስጥ ጠበቀን።

በሚቀጥለው ሳምንት በክፍል ውስጥ እጁን አወጣና «መምህር፣ ዳገቱ ስንት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። «ምን ማለትህ ነው?» አልኩት። «ይከብዳል ብለውኝ ነበር፤ ለክተውታል ወይ?» አለኝ። አልለካሁም ነበር። ተማሪዎቼን «ሳትለኩ አትፍረዱ» እያልኩ የማስተምር የፊዚክስ መምህር፣ አንድን ተማሪ ከትምህርቱ ያስቀረሁት በዓይን ግምት ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ ዘግይቶ የተሰጠ መልስ ነው። አካል ጉዳተኛ የሆነ ሰው የአገራችንን ዕፅዋትና የዱር እንስሳት በሚገኙበት ሥፍራ ተገኝቶ ለመጎብኘት ምን ያስፈልገዋል? ጥያቄው የደግነት ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ሆኖም አብዛኛው ክፍሉ በሜትር፣ በዲግሪና በኒውተን የሚለካ ነው።

የሚጎበኘው ምንድን ነው?

የደቡብ ጎንደር ደጋ አብዛኛው መሬት እርሻና ግጦሽ ነው። ከሳተላይት በተነሣ ምስል ሲታይ በቡናማው መሬት ላይ ክብ ክብ አረንጓዴ ነጠብጣቦች ተበትነው ይታያሉ። እነዚህ የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ናቸው። በደቡብ ጎንደር ብቻ ቁጥራቸው ከ1,000 ይበልጣል። አብዛኞቹ ጥቂት ሄክታር ብቻ የሚሸፍኑ ሲሆኑ፣ በዙሪያቸው የነበረው ደን ከጠፋ በኋላ የቀሩ የጥንቱ የደጋ ደን ቅሪቶች ናቸው።

እነዚህን ደኖች በሰፊው ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ28 የደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ባደረጉት ጥናት 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግበዋል። ከእነዚህ ውስጥ 160ዎቹ አገር በቀል ናቸው። የሐበሻ ጥድ፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ብሳና በአንድ ቅጽር ውስጥ ተሰባስበው የሚታዩት ዛሬ በእነዚህ ሥፍራዎች ነው። ዛፍ ባለበት ወፍ አለ፤ ወፍም የዛፉን ፍሬ በልታ ዘሩን ታሠራጫለች። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ደን ለአንድ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ በአቅራቢያው የሚገኝ፣ ጣሪያ የሌለው ቤተ ሙከራ ነው።

ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ ደግሞ ከፍታው ወደ 4,120 ሜትር የሚደርሰው የጉና ተራራ አለ። ርብና ጉማራ ከእርሱ እየተነሡ ወደ ጣና ይወርዳሉ። በላይኛው ክፍሉ አስታ፣ ጓሳና ጅብራ ይበቅላሉ። ከኢትዮጵያ በስተቀር በየትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ቀድሞ በጉና ይኖር ነበር፤ ባለፉት አሥርት ዓመታት ግን ከጉናም፣ ከጎጃሙ ጮቄም ጠፍቷል። ቀይ ቀበሮን በጉና ያየ ሰው ዛሬ ለልጁ በቃል ከመንገር ሌላ አማራጭ የለውም።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው የሚቆረቆረው ለሚያውቀው ነገር ነው። ከእነዚህ ሥፍራዎች ቀርቦ ማየት፣ መስማትና መዳሰስ የተከለከለ ወጣት ነገ የዕፅዋት ወይም የእንስሳት ተመራማሪ የመሆን ዕድሉ ይጠብባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ መሠረት በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ ጉልህ የሆነ የአካል ጉዳት አለበት። ወደ እኛም አካባቢ በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጦርነት ዘልቆ እንደነበር አንዘነጋም፤ ጦርነት በደረሰበት ሁሉ እጅና እግር ያጡ ሰዎች ይበዛሉ። ስለዚህ የምንነጋገረው ስለ ጥቂት ሰዎች አይደለም።

ሴባስቶፖልና ተዳፋት

የዚህ አካባቢ ሰው ስለ መንኮራኩርና ስለ ዳገት የሚያስተምር ታላቅ ታሪክ አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 7 ቶን ገደማ ይመዝን ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. ከመስቀል በዓል በኋላ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደላገደል አቋርጠው፣ በመጋቢት ወር መድፉን መቅደላ አደረሱት። ጉዞው ስድስት ወር ያህል የፈጀው መንገዱ እየተሠራ ስለነበረ ነው። ድንጋዩ ይፈነቀላል፣ ገደሉ ይቆረጣል፣ ከዚያም መድፉ ይጎተታል።

ቴዎድሮስ መንገድ ማሠራት ለምን አስፈለጋቸው? ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። የ7 ቶን ክብደት 68,600 ኒውተን ያህል ነው። መንገዱ በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር የሚወጣ ቢሆን፣ ማለትም ተዳፋቱ 1 ለ10 ቢሆን፣ መድፉን ወደ ኋላ የሚስበው የስበት ኃይል 6,800 ኒውተን ገደማ ይሆናል። መንኮራኩሩ በአፈር ላይ ሲንከባለል የሚገጥመውን ተቃውሞ የክብደቱ አንድ አሥረኛ ነው ብለን ብንገምት፣ ሌላ 6,800 ኒውተን እንጨምራለን። በድምሩ ወደ 13,600 ኒውተን ነው። አንድ ሰው ሳያቋርጥ በ100 ኒውተን ይጎትታል ካልን 140 ሰዎች ገደማ ያስፈልጋሉ። ተዳፋቱ 1 ለ5 ቢሆን ግን የሰዎቹ ቁጥር ከ200 ያልፋል።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። የተራራው ከፍታ አልተለወጠም፤ የመድፉም ክብደት እንደዚያው ነው። የተለወጠው የመንገዱ ተዳፋት ነው። ከፍታን የሚሰጠን ተፈጥሮ ሲሆን ተዳፋትን የሚመርጠው ግን መንገዱን የሚቀይሰው ሰው ነው። በዚህ ምክንያት «ይህ ሥፍራ ለተሽከርካሪ ወንበር አይሆንም» የሚለው አነጋገር ብዙ ጊዜ ስለ ሥፍራው ሳይሆን ስለ መንገዱ የተነገረ ነው።

የአንድ ዳገት ሂሳብ

ተማሪዬ ከጠየቀኝ በኋላ ከሌሎች አራት ተማሪዎች ጋር ተመልሰን ሄድን። የያዝነው መሣሪያ ሜትርና ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙበት ብርሃን አስተላላፊ ቱቦ ብቻ ነበር። በቱቦው ውስጥ ያለ ውሃ በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ስለሚቆም፣ የሁለት ነጥቦችን የከፍታ ልዩነት በሴንቲሜትር ደረጃ ለማወቅ ያስችላል።

ከመኪናው መንገድ እስከ ደኑ ቅጽር ያለው ርቀት 400 ሜትር ሆነ። ከዚህ ውስጥ 340 ሜትሩ ተዳፋቱ ከ1 ለ20 ያልበለጠ ነበር። እኔን ያስፈራኝ ዳገት 60 ሜትር ብቻ ነው፤ በዚያ ርቀት 9 ሜትር ይወጣል። ይህም 15 በመቶ ወይም 8.5 ዲግሪ ማለት ነው።

ሰውየውና ወንበሩ በአንድነት 85 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ እንበል። ክብደታቸው 833 ኒውተን ነው። በ15 በመቶ ዳገት ላይ ስበት ወደ ኋላ የሚጎትታቸው በ124 ኒውተን ነው። ይህ 12 ኪሎ ተኩል ጤፍ የያዘ ከረጢት ሳያስቀምጡ አንጠልጥሎ እንደመያዝ ያህል ነው። እጅ መንኮራኩሩን ለቆ እንደገና እስኪይዝ ባለው ቅጽበት ወንበሩ ወደ ኋላ መንሸራተት ይጀምራል። ተዳፋቱ 1 ለ12 ቢሆን ኃይሉ ወደ 69 ኒውተን፣ 1 ለ20 ቢሆን ደግሞ ወደ 42 ኒውተን ይወርዳል። በዓለም ላይ ብዙ የሕንፃ ደንቦች 1 ለ12ን ለመወጣጫ ከፍተኛው ተዳፋት አድርገው የወሰዱት በዚህ ምክንያት ነው። ለረጅም መንገድ ግን 1 ለ20 ይመረጣል።

እንግዲህ የ9 ሜትሩን ከፍታ በ1 ለ20 ለመውጣት 180 ሜትር የሚጠማዘዝ መንገድ ያስፈልጋል። በየ10 ሜትሩ አንድ ሜትር ተኩል ደልዳላ ማረፊያ ብንጨምርበት 205 ሜትር ገደማ ይሆናል። መንገዱ ከሦስት እጥፍ በላይ ረዘመ ማለት ነው። በስበት ላይ የሚሠራው ሥራ ግን አልተለወጠም፤ በቀጥታም ሆነ በጠመዝማዛው ወደ 7,500 ጁል ነው። ልዩነቱ ያንኑ ሥራ በትንሽ በትንሹ ከፍለን መሥራታችን ላይ ነው። የጠንካራ መንገድ የመንከባለል ተቃውሞ የሚጠይቀውን ብንጨምር በድምሩ 10,000 ጁል ያህል ይሆናል። አንድ ሰው በክንዱ 30 ዋት አቅም ቢያወጣ፣ ዕረፍቱ ሳይቆጠር በአምስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይወጣዋል።

እዚህ ላይ የደጋውን አየር መርሳት አይገባም። በ2,700 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ደብረ ታቦር የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛውን እንኳ በጥቂቱ አይሞላም። በጉና ጫፍ ደግሞ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው መጠን ስለሚያንስ ማረፊያ ቦታ ቅንጦት ሳይሆን የመንገዱ አካል ነው። ለሚገፋውም ሰው እንዲሁ።

አፈር፣ ጠጠርና ኮብልስቶን

ተዳፋት ብቻውን በቂ አይደለም። በጠንካራና ልሙጥ ወለል ላይ የመንከባለል ተቃውሞ ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ያህል ነው። ለምሳሌያችን 12 ኒውተን ገደማ ይሆናል። በላላ አፈርና በጠጠር ላይ ግን 10 በመቶ ሊደርስ ይችላል፤ ይህም 83 ኒውተን ነው። እነዚህን ቁጥሮች ከላይኞቹ ጋር ስናስተያይ የሚያስገርም ውጤት እናገኛለን። ሜዳ ላይ በላላ አፈር መሄድ በጠንካራ ወለል ላይ 1 ለ12 ዳገት ከመውጣት አይቀልም። ሰው ዓይኑ ዳገቱን ያያል እንጂ አፈሩን አያይም።

በከተሞቻችን የተለመደው ኮብልስቶንም የራሱ ችግር አለው። ፊት ያሉት የወንበሩ መንኮራኩሮች ትንንሾች ናቸው። የመንኮራኩሩ ሬዲየስ 10 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ 2 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው ድንጋይ ለማለፍ በላዩ ያረፈውን ጭነት 75 በመቶ የሚያህል ኃይል ይጠይቃል። ሬዲየሱ 30 ሳንቲሜትር ለሆነው ለኋለኛው መንኮራኩር ግን 38 በመቶ ያህል ብቻ ይበቃዋል። ስለዚህ ተሽከርካሪ ወንበር የምትገፉ ወጣቶች ይህን አስታውሱ፦ ጉብታ ሲያጋጥማችሁ በጉልበት አትግፉ። መጀመሪያ የተቀመጠውን ሰው አስፈቅዱ፤ ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ዘንበል በማድረግ ትንንሾቹን መንኮራኩሮች ካነሣችሁ በኋላ በትልልቆቹ እለፉ።

በምርኩዝ የሚሄድ ሰው ደግሞ የሚጨነቀው ስለ ሰበቃ ነው። ምርኩዙ ከቀጥታ 25 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብሎ መሬት ሲነካ እንዳይንሸራተት የሰበቃው መጠን ቢያንስ 0.47 መሆን አለበት። ደረቅ መሬት ይህን በቀላሉ ይሰጣል። በሐምሌ የረጠበ ጭቃ ግን አይሰጥም። መፍትሔው መንገዱ ላይ ሻካራ ጠፍጣፋ ድንጋይ አጠጋግቶ ማንጠፍና ውሃ የሚወርድበት ቦይ በጎኑ ማበጀት ነው።

ደኑን ሳይጎዱ መንገድ ማውጣት

«መንገድ ይሠራ ሲባል ደኑ አይጎዳም ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ተገቢ ጥያቄ ጠይቋል። በትንሽ ደን ውስጥ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ዋጋ አለው። ሆኖም ሁለቱ ዓላማዎች የሚጋጩት ከምናስበው ባነሰ ሁኔታ ነው።

ዳገቱን ቀጥ ብሎ የሚወጣ የእግር መንገድ በክረምት የውሃ መውረጃ ይሆናል። ተዳፋቱ ሲጨምር የውሃው ፍጥነት ይጨምራል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር አፈር የመሸርሸር ጉልበቱ በብዙ እጥፍ ያድጋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መንገዱ ቦረቦር ይሆንና ሰው በጎኑ ሌላ መንገድ ያወጣል። በአንጻሩ የተራራውን ወገብ ተከትሎ ቀስ እያለ የሚወጣ መንገድ ውሃውን ያረጋጋዋል። የእርከን ሥራ የሚያውቅ ገበሬ ይህን ያለ ማስረጃ ይረዳዋል። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመች ተዳፋት ለአፈሩም የሚመች ነው።

እውነተኛው ግጭት ያለው በሩ ላይ ነው። ከብት ገብቶ ችግኝ እንዳይበላ ዶክተር ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከየአጥቢያው ሕዝብ ጋር በመተባበር በብዙ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አድርገዋል። ካቡ ጠቃሚ መሆኑ አያጠያይቅም። ነገር ግን ከብት የማያሳልፍ ጠባብ መግቢያ ተሽከርካሪ ወንበርንም አያሳልፍም። ለወንበሩ ቢያንስ 90 ሳንቲሜትር ያስፈልጋል፤ በዚህ ስፋት ጥጃም ላምም ያልፋሉ።

መፍትሔው በራሱ የሚዘጋ በር ነው። የበሩን የላይኛውንና የታችኛውን ማጠፊያ በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ ከማድረግ ይልቅ ዘንበል አድርገን ብንተክላቸው፣ በሩ ሲከፈት ጫፉ በጥቂቱ ከፍ ይላል። ሰው ገፍቶ ሲያልፍ ለበሩ የሰጠው ጉልበት በከፍታ መልክ ይከማቻል፤ ሲለቀው ስበት መልሶ ይዘጋዋል። ሞተርም ሞላም አያስፈልገውም። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው እንዲደርስበት መያዣው ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይደረጋል።

በጆሮና በእጅ መጎብኘት

ጉብኝት ማለት በዓይን ማየት ብቻ አይደለም። ማየት የተሳነው ተማሪ ደን ውስጥ የሚያገኘው መረጃ ብዙ ነው። ድምፅ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሁለቱ ጆሮዎቻችን 20 ሳንቲሜትር ያህል ስለሚራራቁ፣ በስተቀኝ የጮኸች ወፍ ድምፅ ግራ ጆሮ ላይ የሚደርሰው ከሺህ ሴኮንድ ግማሽ በሚበልጥ ጊዜ ዘግይቶ ነው። አእምሯችን ከዚህች ቅንጣት ጊዜ የወፏን አቅጣጫ ያሰላል። ደን ውስጥ ወፍ በቅጠል ስለምትሸፈን፣ የሚያዩትም ተመራማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥሩት በጆሯቸው ነው።

የጉብኝቱም ሰዓት በፊዚክስ ሊመረጥ ይችላል። ጥርት ያለ ሰማይ ባለበት ሌሊት ማግሥት፣ ማለዳ ላይ ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ከላይኛው ይቀዘቅዛል። በቀዝቃዛ አየር ውስጥ ድምፅ ቀስ ስለሚል ሞገዱ ወደ መሬት ይጎብጣል፤ ስለዚህም ርቆ ይሰማል። ረፋዱ ላይ መሬቱ ሲሞቅ ሞገዱ በተቃራኒው ወደ ላይ ይጎብጥና ከጆሮ ያመልጣል። በመሆኑም ለጆሮ ጉብኝት ጥሩው ጊዜ ፀሐይ እንደወጣች ከ12 እስከ 2 ሰዓት ነው።

ለእንዲህ ያለው ጎብኚ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። በመንገዱ ጠርዝ በወገብ ቁመት የተዘረጋ ገመድ ይመራዋል። ገመዱ ላይ የታሠረ ቋጠሮ «እዚህ ቁም፤ በስተግራህ ዛፍ አለ» የሚል ምልክት ይሆናል። የጥዱን የሚላጥ ቅርፊትና የወይራውን ሻካራ ግንድ በእጁ ይለያል። የዛፉ ስም በብሬል የተጻፈበት ትንሽ ቆርቆሮ ቢሰቀል ደግሞ ሌላ ሰው ሳይነግረው ያነባል። መስማት ለተሳነው ተማሪ የሚያስፈልገው የምልክት ቋንቋ የሚችል አስጎብኚ ነው። አስጎብኚው ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ከቆመ ግን ፊቱና እጁ ይጨልማሉ፤ ብርሃን ፊቱ ላይ እንዲያርፍ ዞሮ ይቁም።

በሌላ ሥፍራ ምን ተደረገ?

በአሜሪካ ፍሎሪዳ በሚገኘው የኤቨርግሌድስ ብሔራዊ ፓርክ፣ ረግረጉ ላይ በተሠራ የእንጨት ድልድይ መሰል መንገድ ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀሙ ጎብኚዎች የአካባቢውን አዞና የውሃ ወፎች ከቅርብ ያያሉ። በእኛም አገር ሳይታሰብበት የተገኘ ምሳሌ አለ። በባሌ ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው የመኪና መንገድ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ያልፋል። በዚያ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከጉና የጠፋውን ቀይ ቀበሮ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ማየት ይቻላል። በሰሜን ተራሮችም በሳንቃ በር አካባቢ የጭላዳ መንጋ ከመንገዱ ዳር ሣር ሲነጭ ይታያል። መንገዶቹ የተሠሩት ለአካል ጉዳተኞች ታስበው አይደለም፤ ውጤቱ ግን መንገድ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያሳየናል።

ሕጉም በዚህ ረገድ ዝም አላለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚያመች መግቢያ እንዲኖራቸው ደነገገ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 30 አካል ጉዳተኞች በባህል፣ በመዝናኛና በቱሪዝም ሥፍራዎች የመገኘት መብት እንዳላቸው ይገልጻል። ደን ግን ሕንፃ አይደለም፤ የደኑን መንገድ የሚለካ መሐንዲስም እስካሁን ብዙ አልታየም። ክፍተቱን መሙላት የእኛ የሳይንስ ሰዎች ፈንታ ነው።

ከለካን በኋላ

የለካነውን በወረቀት ሥለን ለደብሩ አስተዳዳሪ አቀረብን። ወደ ውስጠኛው ቅጽር መግባት እንደማንጠይቅ፣ መንገዱም ከካቡ ውጭ እንደሚያልፍ አስረዳን። አባ ሥዕሉን ካዩ በኋላ «በንግሥ ቀን እኮ የሚቸገረው ተማሪያችሁ ብቻ አይደለም። አሮጊቶቹን በዚህ ዳገት ተሸክመን ነው የምናወጣቸው» አሉን። ስለ አሮጊቶቹ እኛ ፈጽሞ አላሰብንም ነበር።

የአጥቢያው ወጣቶችና ተማሪዎቻችን በበጋው መንገዱን ቆፈሩት፤ ድንጋዩም ከዚያው ከእርሻው የተለቀመ ነበር። በመጀመሪያው ክረምት ጎርፍ ሁለቱን መታጠፊያዎች ቆረጣቸው። ቦዩን በጣም ጠባብ አድርገነው ስለነበር ስሕተቱ የእኛ ነው። በጥቅምት አስፍተን መልሰን ሠራነው።

ተማሪዬ በኅዳር ወር ወደ ደኑ ወጣ። አምስት ጊዜ አርፏል፤ የመጨረሻዋን መታጠፊያ ጓደኛው ገፍቶታል። በሩን ራሱ ከፍቶ ገባ። በዚያ ቀን ቴርሞሜትሩን የያዘውና ከቀትር በኋላ የደኑን ውስጥና ውጭ ያነጻጸረው እርሱ ነበር። ቁጥሮቹን ሲያነብልን ሌሎቹ እየጻፉ ይከተሉት ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ በየትምህርት ቤታችሁና በየአጥቢያችሁ «ይከብዳል» የተባለ አንድ ዳገት፣ አንድ ደረጃ ወይም አንድ በር አይጠፋም። የሚያስፈልጋችሁ አሥር ሜትር ግልጽ ቱቦ፣ ጥቂት ውሃና ሜትር ነው። ከፍታውን ለርቀቱ አካፍሉና ተዳፋቱን አግኙ፤ ከ1 ለ12 በላይ ነው ወይስ በታች? ስትለኩ መንገዱን የሚጠቀመውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ያገኛችሁትንም ቁጥር ለዝግጅት ክፍላችን ጻፉልን።